ለእኔ የታሰበው መርፌ

እናቴ ጠዋት በሩን ዘግታ ወደ መርካቶ ከሄደች በኋላ ግቢያችን ጭር ይላል። ቤታችን ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ገባ ብሎ ነው፤ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ስለማይርቅ የረዳቶቹ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እስከ መኝታ ቤቴ ይሰማል። እኔ ግን አየር ጤናን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ሚኒባስ ለመሳፈር እግርን ከፍ አድርጎ ማንሳት ያስፈልጋል፤ የእኔ እግር ደግሞ አይታዘዘኝም። መጨረሻ የሞከርኩ ቀን ረዳቱ «ቶሎ በያ እህቴ!» ብሎ ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ካልቸገረኝ አልወጣም።

የጡንቻ በሽታ ነው ያለብኝ። የጀመረኝ ተማሪ እያለሁ ነው። መጀመሪያ ደረጃ ስወጣ ጭኔን በእጄ መደገፍ አመጣሁ። ቀጥሎ ከመሬት ተነሥቶ መቆም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብኝ። እናቴ ስንፍና መስሏት ተቆጣችኝ፤ ስንፍና አለመሆኑን ስታውቅ ደግሞ ስለተቆጣችኝ አለቀሰች። ደም ማነስ ነው ተባለ፣ ነርቭ ነው ተባለ። የቸርቻችን እናቶች ከበውኝ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አልከፋኝም፤ ከልባቸው ነው። ግን እያንዳንዷ ጸሎቷን ጨርሳ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው እግሬን ነበር። ያንን እይታ ነው ያልቻልኩት። ቀስ በቀስ እሁድ እሁድ ቤት መቅረት ጀመርኩ።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት የነርቭ ሐኪም ደሜን ወስደው ወደ ውጭ ላኩልኝ። መልሱ ሲመጣ ቢሯቸው አስቀምጠውኝ በወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። ጡንቻ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎዳል፤ ራሱን ይጠግናል። የመጠገኛው መመሪያ የተጻፈበት ዘረመል እኔ ውስጥ ከተፈጥሮው ጀምሮ ጎደሎ ነው። ስለዚህ የእኔ ጡንቻ ይጎዳል፣ አይጠገንም።

«መድኃኒት አለው?» አልኳቸው።

«ዛሬ የለውም» አሉኝ። ቀጥለው ግን በዚሁ በሽታ ላይ ውጭ አገር ምርምር ከምትሠራ አንዲት አበሻ ሐኪም ጋር አገናኙኝ።

ዶክተሯ አልፎ አልፎ በቪዲዮ ትደውልልኝ ነበር። ታላቄ ብትሆንም አንቺ በይኝ ብላ አስለምዳኛለች። የሚሞክሩትን ሕክምና የነገረችኝ እሷ ናት። አንድ ቫይረስ ወስደው የሚያሳምመውን ነገር ከውስጡ ያወጣሉ፤ በምትኩ ደህናውን ዘረመል ይጭኑበታል። ቫይረሱ በመርፌ ገብቶ ጡንቻ ድረስ ጭነቱን ያደርሳል። «ገና ሙከራ ላይ ነው» ትለኛለች ሁልጊዜ። «ምናልባት አንቺ ጋ ላይደርስ ይችላል። የማልችለውን ተስፋ አልሰጥሽም።» ይህን ማለቷ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ተስፋ ሲያድለኝ እሷ ብቻ እውነቱን ታካፍለኛለች።

ኑሮዬ በትርጉም ሥራ ነው። ሰው ውል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሕክምና ወረቀት ይልክልኛል፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ሥራው የሚላከውም የሚከፈለውም በስልክ ስለሆነ ሳምንት ሙሉ ከእናቴ በስተቀር ከማንም ጋር ፊት ለፊት ሳላወራ የማሳልፍበት ጊዜ ነበር። ከራሴ ጋር ጮክ ብዬ ማውራት ጀምሬ እንደነበር ያስተዋልኩት እሱ ከመጣ በኋላ ነው።

እናቴ ከኋላ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ታከራያለች። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ሯጭ ገባባት። የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ፣ የእናቴ ወላጆች ከመጡበት ብዙም ከማትርቅ ከተማ የመጣ። እናቴ ያለ ደላላ ያስገባችው በአገሯ ቋንቋ ሰላም ስላላት ነው። ክለብ ነበረው፤ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ አንድ ዓመት ሳይወዳደር ሲቀር ኮንትራቱን አላደሱለትም። አሁን በራሱ ነው የሚሠራው። ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ በአስፋልቱ ዳር ወደ ሳንሱሲ ሮጦ፣ ከዚያ ወደ ጫካው ይወጣና ሦስት ሰዓት ገደማ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። መጀመሪያ ላይ «እንዴት አደርሽ» ከማለት አናልፍም ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ወደቅኩ። መውደቅ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚያስቸግረኝ መነሣቱ ነው። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ፣ እስከ በሩ እየተንፏቀቅኩ ልሂድ ወይስ እናቴ ጋ ልደውል እያልኩ ሳስብ የግቢው በር ተከፈተ። ላብ በላብ ሆኖ ገባና አየኝ። ሰው ሊያነሣኝ ሲመጣ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ብብቴን ይዞ ሽቅብ ይጎትተኛል፤ ትከሻዬ የወለቀ እስኪመስለኝ። እሱ አልነካኝም። አጠገቤ በርከክ አለና፣

«የት ጋ ልያዝሽ?» አለኝ።

እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወገቤን በሁለት እጁ እንዲይዝ፣ እኔ ትከሻውን እንድደገፍ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲነሣ ነገርኩት። ያልኩትን ብቻ አደረገ። ከቆምኩ በኋላም ወዲያው አልለቀቀኝም፤ ሚዛኔን እስክይዝ ጠበቀ። ከዚያ ባልዲውን አንሥቶ ልብሱን አሰጣልኝ። እናቴ የማታስነካውን የውስጥ ልብስ ሳይቀር። እኔ አፈርኩ፤ እሱ ግን ልብ ያለውም አይመስል።

ከዚያ ቀን በኋላ ከልምምድ ሲመለስ ታጥቦ ወደ በረንዳዬ መምጣት ጀመረ። ሻይ አፍልቼ እጠብቀው ነበር። ዳቦ በማር ይወዳል። ክለብ እያለ ከወጌሻው ያየውን የማሳሳብ እንቅስቃሴ ያሠራኛል፤ ተረከዜን በመዳፉ ይይዝና ጣቶቼን ወደ እኔ ቀስ አድርጎ ይገፋል። «ሲያም ንገሪኝ» ይላል። ሲያመኝም አልነግረውም ነበር፤ እንዳያቆም።

ስለ ሩጫ ያወራኛል። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ጆሮው እንደሚደፈን፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ እንደሆነ።

«ያን ጊዜ ብቻህን ነህ ማለት ነው» አልኩት።

«ብቻዬን ነኝ። ግን ደስ ይላል። የብቻ ደስታ ታውቂያለሽ?»

«የብቻውን አውቃለሁ» ስለው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። በዚያ ሳቅ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብላ አየችን። ማታ ወሬው እናቴ ጋ ደርሷል።

«ልጄ» አለችኝ እናቴ፣ ራት እየበላን። «ልጁ ጨዋ ነው፤ ምንም አላልኩም። ግን ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሌላ ክለብ ካገኘ ይሄዳል። ልብሽን ጠበቅ አድርጊ።»

«እማዬ፣ እግሬን ነው የሚያሠራኝ።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች።

ወደድኩት ለማለት እስከዛሬ ድፍረቱ የለኝም። ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ፀጉሬን አበጥር ነበር፤ ይህን ብቻ ልናገር።

ስለ ሕክምናው ያነሣሁለት ራሴ ነኝ። ለምን ከቸርች እንደቀረሁ ጠይቆኝ፣ ከዚያ ወሬ ወሬን እየሳበ ሄዶ ስለ ዶክተሯ፣ ስለ ቫይረሱ፣ ስለሚጫነው ዘረመል ነገርኩት። ዳቦውን አስቀምጦ አዳመጠኝ። ስለ በሽታዬ ሰው እንደዚያ በጥሞና ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ መጥቶ ጠየቀኝ፤ በሦስተኛውም ቀን።

«ጡንቻው ጤነኛ የሆነ ሰው ቢወጋውስ?»

«ለምን ይወጋል?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው።»

እግሬን ማሠራቱ እያጠረ፣ ጥያቄው እየረዘመ መጣ። ያን ጊዜ አላስተዋልኩም ብል ውሸት ነው። አስተውያለሁ፤ ግን እስከመጣ ድረስ ስለምንም ቢያወራ ግድ አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ስልኩን ይዞ መጣ። ሻዩን አልነካውም። «ይሄን ተርጉሚልኝ» አለኝ። አየር ጤና ካለ አንድ ጂም ውስጥ ክብደት የሚያሠራ ሰው የላከለት ማስታወቂያ ነው። ውጭ አገር ያለ ሻጭ የለጠፈው ነበር። ቃል በቃል እያነበብኩ መለስኩለት። ጡንቻ እንዳያድግ የሚከለክለውን ነገር የሚያስቆም ዘረመል ነው ይላል። አንድ ጊዜ ከተወጉት ሰውነት ራሱ እያመረተ ይኖራል፤ እንደ ሌላው አበረታች ቅመም በሽንት ምርመራ አይገኝም፤ የተጎዳ ጡንቻ ይመልሳል፤ ጉልበት ይጨምራል። ከሥር በትንንሽ ፊደል የሚሸጠው ለምርምር ብቻ እንደሆነና ለሰው እንዳልተፈቀደ ተጽፏል። እሱንም አነበብኩለት።

«የመጨረሻዋን ተያት» አለ። «ሕግ ፈርተው ነው።»

«የመጨረሻዋ ናት እኮ ዋናዋ።»

«ዶክተርሽን ጠይቂልኝ» አለ። «አንቺን አትዋሽሽም።»

ጠየቅኳት። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል፣ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቢወጋ ምን ይሆናል አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«ማነው የጠየቀሽ?» አለችኝ።

«አንድ ሯጭ።»

«እኛም ጋ ይደውላሉ። ሯጭ፣ ጂም የሚሠራ፣ አሠልጣኝ። በሽተኞቻችን ገና ሳያገኙት እነሱ ይጠይቁናል።» ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ክኒን ከሆነ መዋጡን ትተዪዋለሽ፤ ይህ ግን አንድ ጊዜ ከገባ ማውጫ የለውም። ጡንቻ ማለት እግር ብቻ አይደለም፣ ልብም ጡንቻ ነው። ጉበት ይቆጣል። ሰውነት ቫይረሱን እንደ ጠላት አይቶ የራሱን ሥጋ ሊያጠቃ ይችላል። «እኛ ሆስፒታል አስተኝተን፣ ደማቸውን እየመረመርን ነው የምንሰጠው፤ እንደዚያም ሆኖ እንፈራለን። የዚያ ሻጭ ብልቃጥ ውስጥ ደግሞ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። አይገኝም የሚሉትም ውሸት ነው፤ መመርመሪያው አለ።» ቀጥላም «አንቺም እንዳታስቢው» አለችኝ። «ሰውነትሽ ቫይረሱን አንድ ጊዜ ካወቀው፣ እውነተኛው ሕክምና የመጣ ቀን አይቀበልሽም።»

ያለችውን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኩት። በረንዳው ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ስጨርስ፣

«ለአንቺ ሲሆን መድኃኒት፣ ለእኔ ሲሆን ሞት ነው?» አለ።

«እኔ እኮ እየታመምኩ ነው። አንተ ጤነኛ ነህ።»

«ጤነኛ?» ወደ እኔ ዞረ። «ጓደኞቼ ውጭ ወጥተው ይሮጣሉ፣ እኔ እዚህ ውሻ እያባረረኝ አስፋልት ላይ እሮጣለሁ። አራት መቶ ሜትር ሲቀረው ይቺ ጭኔ ትይዘኛለች። ሩጫ ካልሆነ ምንድነኝ? ምን የተማርኩት አለ?»

አንድ ነገር እንዲጠግነው የሚመኝ ሰው እኔ ፊት ተቀምጧል፤ ያንን ምኞት ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ከዚያ ዋናውን ጉዳይ አወጣው። ሻጩ ለማንም አልክም ይላል። የሚልከው ለበሽተኛ ብቻ ነው፤ በሽታውን የሚያሳይ የዘረመል ምርመራ ውጤት ማቅረብ ያስፈልጋል። የጂሙ ሰውዬ ገንዘቡን አዘጋጅቷል። የጎደላቸው ወረቀቱ ነው።

«ያንቺን ውጤት ስጪኝ» አለኝ። «በአንቺ ስም እናዛለን። አንድ ለአንቺ፣ አንድ ለእኔ። አብረን እንወጋለን።»

አብረን ያላት ቃል ናት የጣለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አቃተኝ። አንድ ገጽ የልደት ማስረጃ ከፊቴ ተቀምጦ ፊደሉ አልታይ አለኝ። ሁለታችን በሰርቪሷ ክፍል አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እጅጌያችንን ሰብስበን፣ እየተሳሳቅን ስንወጋ ይታየኛል። ቀጥሎ እኔ ያለ ድጋፍ ከወንበር ስነሣ ይታየኛል፤ እሱ ሲያጨበጭብ። ስለ መድኃኒቱ የማውቀውን ሁሉ አውቄ ነው ይህን የማስበው። ዶክተሯ ያለችኝን ቃል በቃል ማስታወስ እችል ነበር። ብቸኝነት ግን ዶክተር አይሰማም።

ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ስሆን ቆየሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት እግሬን ይዞ እያሠራኝ እያለ ፊቱን አየሁት። ወደ እግሬ አያይም ነበር። በተከፈተው በር ወደ ክፍሌ መሳቢያ ነበር የሚያየው፤ የሕክምና ወረቀቶቼ የሚቀመጡባት መሳቢያ። እጁ ተረከዜ ላይ አለ፣ እሱ ግን እዚያ የለም።

«አልሰጥህም» አልኩት።

እጁን አነሣ። «ለምን?»

«እኔም አልወጋም፣ አንተም በእኔ ስም አትወጋም። ብትሞት በእኔ ስም ነው የምትሞተው።»

ለምኖኛል። ተቆጥቶኛል። በመጨረሻ ቆመና፣ ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ፣ «አንቺማ ምን ትሆኛለሽ፤ ለምደሽዋል» አለኝ። ከበረንዳው ወርዶ ሄደ። የክፍሉን በር አላጋጨውም፤ ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሲሆን የግቢው በር ይከፈታል፣ ኮቴው በበረንዳዬ ፊት ያልፋል፣ የሰርቪሷ በር ይዘጋል። «እንዴት አደርሽ» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሻይ ማፍላቴን ግን ለተወሰነ ጊዜ አልተውኩም ነበር። ቀዝቅዞ የቀረውን ማታ ስደፋው እናቴ ታየኝ ነበር።

የጂሙ ሰውዬ ሌላ ወረቀት ከየት እንዳገኘ አላውቅም። ወይም ሻጩ ወረቀት መጠየቁ ከመጀመሪያውም ለይምሰል ነበር። ብቻ በበጋው መሐል እሱ መለወጥ ጀመረ። ሲሄድ ደረቱን ይነፋል፤ ያፏጫል። አንድ ቀን በበረንዳዬ ሲያልፍ ቆመና ጭኑን መታ መታ አድርጎ፣

«አይይዘኝም አሁን» አለኝ። «ጠፋ። ዳገት ስሮጥ እንኳን አይሰማኝም።»

«ተወጋህ?»

ፈገግ ብሎ አለፈኝ። ጉልበቱ እውነት ጨምሮ ይሁን፣ ወይስ ይጨምራል ብሎ ስላመነ ብቻ ይሁን፣ እኔ ልፈርድ አልችልም። ደስ ብሎት ነበር። እኔ ደግሞ ክፉ ነገር እንዲደርስበት ሳልመኝ፣ የኔ ፍርሃት ትክክል ሆኖ እንዲገኝ እመኝ ነበር፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ልቤ እያወቀ።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጠዋት መውጣቱን ተወ። በግድግዳው በኩል ሲያቃስት ሰማሁት። ጉንፋን ነው አለ። እናቴ ሾርባ ወሰደችለት፤ ተመልሳ «ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ወፍ በሽታ እንዳይሆን» አለችኝ። ሐኪም ጋ ሂድ ብትለው «እሺ እትዬ፣ ነገ እሄዳለሁ፤ እርስዎ አያስቡ» ብሏታል። በነጋታው ግን አልሄደም።

በማግስቱ እናቴ ሥራ ሄዳ፣ ከቧንቧው ጋ ባልዲ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። መሬት ተቀምጧል፤ ጀርባውን ለገንዳው ሰጥቶ። ፊቱ አብጧል። ሊነሣ ይሞክራል፣ ጭኑ አይሸከመውም። እንቅስቃሴው ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው ግን አይቼ አላውቅም።

«ተነሥቼ መቆም አቃተኝ» አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ነበር። «ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቁሯል።»

ላነሣው አልችልም። ብሞክር ሁለታችንም መሬት ነን። ስለዚህ አፌን ብቻ ተጠቀምኩ። ዞር ብለህ በእጅና በጉልበትህ ቁም አልኩት። አሁን ቂጥህን ወደ ላይ፤ እጅህን ወደ እግርህ አቅርብ። አንዱን እጅ ጉልበትህ ላይ አድርግ፣ ሌላውንም። በጭንህ ላይ እየወጣህ ሂድ፣ እንደ መሰላል። እያለቀሰ ያልኩትን አደረገና የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ቆመ። በሕይወቴ ለማንም አስተምረዋለሁ ብዬ ያላሰብኩትን ትምህርት ነው ያስተማርኩት።

ኮንትራት ታክሲ ደውዬ አስመጣሁ። ሹፌሩ ሁለታችንንም አንድ በአንድ ደግፎ አስገባን፤ «የትኛችሁ ናችሁ በሽተኛው?» ብሎ ጠየቀ።

ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍሉ ወጣት ሐኪም ምን መድኃኒት እንደወሰደ ጠየቀው። «ምንም» አለ። ሐኪሙ ደግሞ ጠየቀው። «ቪታሚን።» እየጻፈ ሊያልፍ ሲል እኔ ተናገርኩ። ማስታወቂያው ላይ ያነበብኩትን በሙሉ፣ ዶክተሯ ያለችኝንም ነገርኩት። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ እኔን፣ ከዚያ እሱን አየ። «እውነት ነው?» አለው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም።

ጉበቱም ጡንቻውም አንድ ላይ ተቆጥተው ነበር። የሰውነቱን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ጀመሩለት። ዶክተሯ ጋ ደውዬ ከሐኪሞቹ ጋር አገናኘኋት፤ ተነጋገሩ። ብልቃጡን የሚያመጣላቸው ሰው ግን አልተገኘም። የጂሙ ሰውዬ ስልኩን ዘጋ፤ የሻጩም ገጽ ጠፋ። ስለዚህ ምን እንደተወጋ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ታላቅ ወንድሙ ከአገር ቤት መጥቶ አስታመመው። እናቴ ከመርካቶ ስትመለስ በዚያው ምግብ እያደረሰችላቸው ትመጣ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቀው ሄድኩ። አልጋው ሁለተኛ ፎቅ ነበር፤ ሊፍቱ አይሠራም። ከታች ወንበር ላይ ተቀምጬ በወንድሙ በኩል ብርቱካን ላኩለት።

ተሽሎት ወጣ። ጉበቱ ተመለሰ። ጭኑ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ይራመዳል፣ ቢሮጥ ግን ወዲያው ይዝላል። ዕቃውን ሊወስድ ከወንድሙ ጋር የመጣ ቀን በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። ወንድሙ ፍራሹን ተሸክሞ ሲወጣ እሱ ከፊቴ ቆመ። ከስቷል። ልብሱ ሰፍቶታል።

«ለሐኪሙ ባትነግሪልኝ ሞቼ ነበር አሉኝ» አለ።

«እንኳን ተረፍክ።»

«እኔ ግን ተናድጄብሽ ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ያናድደኛል።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት የለም። የሆነውን ነው የሚነግረኝ። «ድሮም ሮጬ የማላውቅ ብሆን ይቀለኝ ነበር።»

እጄን ዘረጋሁለት፤ ጨበጠኝና ሄደ።

ክፍሏን ሁለት እህትማማቾች ተከራዩ። ሱቅ ነው የሚሠሩት። ከእናቴ ቀድመው ወጥተው ከእናቴ በኋላ ይገባሉ፤ ስለዚህ ቀኑ እንደገና የእኔ ብቻ ሆነ። ዶክተሯ አሁንም ትደውላለች። ሙከራው ቀጥሏል፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚከፈትበት ጊዜ አልታወቀም። ከሯጩ በኋላ አንድ ጊዜ ለብቻዬ ደሜን አስመርምሬ ነበር፣ ሰውነቴ ያንን ቫይረስ ያውቀው እንደሆነ ለማየት እሷ ጠይቃኝ። ውጤቱን ስትነግረኝ ድምፏ ውስጥ ደስታ ነበር፤ አያውቀውም። በሩ ለእኔ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ቢከፈት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ድምፁን ግን ከ«ሄሎ» በፊት፣ ከትንፋሹ አወቅኩት። አገር ቤት ከወንድሙ ጋር የሞባይል ዕቃ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ነው። ከበስተጀርባው ሰው ዋጋ ሲጠይቅ ይሰማኛል።

«መድኃኒትሽ መጣልሽ?» አለኝ።

«ገና።»

«ይመጣል።»

«እንግዲህ።»

ብዙ ልጠይቀው የምፈልገው ነገር ነበረኝ። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ሩጫ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ያይ እንደሆነ ወይስ ቻናል ይለውጥ እንደሆነ፣ የሚያወራው ሰው ይኑረው አይኑረው። እሱም ሊለኝ የፈለገው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ሁለት ጊዜ «እና…» ብሎ ጀምሮ ተወው። ደንበኛ ጠራው። «እሺ በቃ፣ ደህና ሁኚ» አለና ዘጋ።

እናቴ በዚያ ቀን በጊዜ ገብታ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«ማነው?» አለችኝ።

«ያ ተከራያችን። ሯጩ።»

«ውይ የኔ ልጅ! ደህና ነው? ምን አለ?»

«ደህና ነው። ለእትዬ ሰላም በይልኝ አለ።»

አላለም። ግን እናቴ ፊቷ በራ፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ «ተባረክ በይልኝ በናትሽ፣ ስትደውዪለት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ቁጥሩን በስሙ መዘገብኩት፤ እስካሁን ግን አልደወልኩም።